የባሕር ማሽላና ያልተነበበ ወረቀት

በሬዲዮ የተላለፈ የጎልማሶች ትምህርት

የዛሬው ትምህርታችን ታሪክ ነው። ታሪኩ ከባሕር ማዶ ይጀምራል። የሚያበቃው ግን ከእናንተው ጓዳ ገብቶ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በቆሎ ሌላ ስም እንዳለው ታውቃላችሁ? አባቶቻችን «የባሕር ማሽላ» ይሉት ነበር። ማሽላ ጥንትም በአገራችን የነበረ እህል ነው። ታዲያ በቆሎ «የባሕር» የተባለው ለምንድን ነው? በቆሎ መቼም ባሕር ውስጥ አይበቅልም! ስሙ የሚነግረን አመጣጡን ነው። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ማሽላ ማለት ነው።

ባሕር የተሻገረው በቆሎ ብቻ አይደለም። ገበያ ስትወጡ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። የማረቆ በርበሬ፣ የሻሸመኔ ድንች፣ የመቂ ቲማቲም፣ የስምጥ ሸለቆ ቦሎቄ፣ እንዲሁም ዱባው፣ ፓፓያው፣ ኦቾሎኒው፣ ትምባሆው፤ እነዚህ ሁሉ የዘር አገራቸው አሜሪካ ነው። የዛሬ 550 ዓመት በኢትዮጵያ ምድር እነዚህን ያየ ሰው አልነበረም። «ታዲያ ወጡ ያለ በርበሬ እንዴት ይሠራ ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በጥምዝና በቁንዶ በርበሬ ይሠራ ነበር።

የአዳማ ከተማ ስም እንኳ «አዳሚ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል የመጣ ነው ይባላል። አዳሚ ማለት ቁልቋል ነው። ትልቁ፣ ቅርንጫፎቹን እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የሚያነሣው ቁልቋል የአገራችን ተወላጅ ነው። ግን ያ ጠፍጣፋው፣ እሾኻማ ፍሬው ተልጦ የሚበላው በለስ፣ ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳውና ባለቤቱ ዛሬ ባንድ አጥር ላይ አብረው ይታያሉ።

እነዚህን ዕፅዋት ከዚያ ማን አመጣቸው? ሲመጡስ በዚያ የነበሩት ሰዎች ምን ደረሰባቸው? ዛሬ የምንማረው ይህንን ነው።

ስለ ዓመት አቆጣጠር

ከመቀጠላችን በፊት ስለ ዓመት ቁጥር እንስማማ። የውጭውን አገር ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር እናገራለሁ። «ዓ.ም.» ያልኩበት ግን የእኛ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ከፈረንጆቹ 7 ዓመት ትቀንሳላችሁ። ከጥር እስከ ነሐሴ ባለው ደግሞ 8 ትቀንሳላችሁ። ለምሳሌ የፈረንጆች ጥቅምት 1492፣ ሰባት ሲቀነስለት 1485 ዓ.ም. ይሆናል። ደብተር ያላችሁ ጻፉት።

የኮሎምበስ ጉዞ

ክሪስቶፎር ኮሎምበስ የጣሊያን አገር የጄኖቫ ተወላጅ ነው። ሥራው መርከበኛነት ነበር። በዚያን ዘመን የአውሮፓ ነጋዴዎች የሕንድና የቻይና ቅመም፣ ሐርና ወርቅ ይፈልጉ ነበር። ነገር ግን የምሥራቁ መንገድ ሩቅ ነው፤ በመካከል ያሉት ነጋዴዎችም ብዙ ትርፍ ይወስዳሉ። ስለዚህ ኮሎምበስ አንድ ሐሳብ አሰበ። «ምድር ክብ ናት። ወደ ምዕራብ ብሄድ ዞሬ ምሥራቅ እደርሳለሁ» አለ። ምድር ክብ መሆኗን በዚያን ጊዜ የተማረ ሁሉ ያውቅ ነበር። የኮሎምበስ ስሕተት ሌላ ነው። ምድርን ከልኳ አሳንሶ ገመታት።

የስፔን ንጉሥና ንግሥት፣ ፈርዲናንድና ኢሳቤላ፣ ረዱት። ሦስት መርከብና 90 ያህል ሰው ይዞ በነሐሴ 1492 ተነሣ። ጥቅምት 12 ቀን ከአንዲት ደሴት ደረሰ። የደሴቲቱ ሰዎች አገራቸውን ጓናሃኒ ይሏት ነበር። እርሱ ግን ሳን ሳልቫዶር ብሎ ሌላ ስም አወጣላት። ሕንድ የደረሰ መስሎት ሰዎቹን «ሕንዶች» አላቸው። አገሩ ሕንድ አልነበረም። አውሮፓውያን የማያውቁት ሌላ ትልቅ ምድር ነበር። ያ ምድር በኋላ፣ በ1507 በታተመ ካርታ ላይ፣ አሜሪጎ ቬስፑቺ በተባለ መርከበኛ ስም «አሜሪካ» ተባለ።

«ኮሎምበስ አሜሪካን አገኘ» ሲባል ትሰማላችሁ። ቃሉን እንመርምረው። የሚገኘው የጠፋ ነገር ነው። ሰው የሚኖርበት፣ የሚታረስበት፣ ልጅ የሚወለድበት አገር ግን መቼ ጠፋ? ለእነርሱ አልጠፋባቸውም። ስለዚህ «ደረሰ» ብንል ይሻላል።

በዚያ የነበሩት ሰዎች

ኮሎምበስን የተቀበሉት ታይኖ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። በቆሎ፣ ስኳር ድንችና በርበሬ ያመርቱ ነበር። እንግዳውን በምግብና በውኃ ተቀበሉት። ሰይፍ አያውቁም ነበርና ሲያሳያቸው በስለቱ በኩል ይዘው እጃቸውን ተቆረጡ። ኮሎምበስ በማስታወሻው ላይ ምን ጻፈ? ሰዎቹ ደጎች መሆናቸውን ጻፈ። ቀጥሎ ደግሞ በ50 ወታደር ሁሉንም አስገብሮ የፈለጉትን ማሠራት እንደሚቻል ጻፈ። ይኸውላችሁ! እነርሱ እንግዳ መጣ ሲሉ፣ እንግዳው ባሪያ ይቆጥር ነበር።

በ1493 ኮሎምበስ 17 መርከብና ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ይዞ ተመለሰ። ይህ ጉዞ ለጉብኝት አልነበረም፤ ለመስፈር ነበር። ቅኝ ግዛት የምንለው ይኸ ነው። ቅኝ ግዛት ማለት የአንድ አገር መንግሥት በሌላ ሕዝብ አገር ገብቶ፣ መሬቱን ይዞ፣ ሕዝቡን ለራሱ ጥቅም ሲገዛ ነው።

ዛሬ ሃይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሚባሉት አገሮች ደሴት ላይ ግብር ተጣለ። ዕድሜው ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ በአንዲት ትንሽ ቃጭል የተሰፈረ ወርቅ እንዲያመጣ ታዘዘ። ወርቁ ግን በአገሩ እንደልብ የሚገኝ አልነበረም። ያላመጣ ተቀጣ። የሸሸ በውሻ ታደነ። እርሻ ጦም አደረ፤ ረሃብ ገባ። ስፔኖቹ በ1514 የደሴቲቱን ተወላጆች ለሥራ ሲከፋፈሉ የቆጠሩት ሰው 26 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። ከኮሎምበስ በፊት የነበረው ሕዝብ ግን ከዚህ እጅግ የበዛ ነበር።

ከሁሉ የከፋው በሽታ ነው። ፈንጣጣን ታላላቆቻችን ያውቁታል። ከአገራችን የጠፋው ገና በ1968 ዓ.ም. ነው። የአሜሪካ ሕዝብ ግን ከሌላው ዓለም በውቅያኖስ ተለይቶ ብዙ ሺህ ዓመት ስለኖረ ፈንጣጣን፣ ኩፍኝንና ሌላውንም ወረርሽኝ ሰውነቱ አያውቀውም ነበር። በሽታው ሲገባ እንደ ሰደድ እሳት ፈጀው። በብዙ ቦታ በመቶ ዓመት ውስጥ ከአሥር ሰው ዘጠኙ አለቀ።

ኮርቴስ የተባለው የስፔን አዛዥ የሜክሲኮን ታላቅ ከተማ ቴኖችቲትላንን በ1521 የያዘው በጀግንነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሦስት ነገር ረድቶታል። አንደኛ፣ ብረትና ባሩድ ነበረው። ሁለተኛ፣ ከተማይቱን በ1520 ፈንጣጣ ገብቶባት ነበር። ሦስተኛ፣ በከተማይቱ ገዢዎች የተከፉ ጎረቤት ሕዝቦች በብዙ ሺህ ሆነው ከኮርቴስ ጎን ተሰልፈዋል። ጎረቤትና ጎረቤት ሲጣላ ሦስተኛው ሰው ቤቱን ይወርሳል።

ያልተነበበው ወረቀት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ማንበብ ለምትማሩ ለእናንተ ይህ ክፍል በተለይ ይጠቅማችኋልና ጆሯችሁን ስጡኝ።

በ1513 የስፔን መንግሥት አንድ ወረቀት አጻፈ። ስሙ «ሬኬሪሚየንቶ» ይባላል። ትእዛዝ ወይም ማስጠንቀቂያ እንደ ማለት ነው። የስፔን ወታደር አንድ መንደር ከመውጋቱ በፊት ይህን ወረቀት ማንበብ ነበረበት። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። አገራችሁን የሮማው ጳጳስ ለስፔን ነገሥታት ሰጥቷል። ይህን ተቀብላችሁ ብትገቡ መልካም ነው። እምቢ ብትሉ ግን እንወጋችኋለን፤ እናንተን፣ ሚስቶቻችሁንና ልጆቻችሁን ባሪያ እናደርጋለን፤ ለሚደርሰው ሞትና ጥፋት ሁሉ ተጠያቂዎቹ እናንተው ናችሁ።

የሚነበበው በስፔን ቋንቋ ነው። የሚሰሙት ሰዎች የስፔንን ቋንቋ አያውቁም። አንዳንድ ጊዜም ሰው ከሸሸበት ባዶ መንደር ቆመው ያነቡት ነበር። አንዳንዴ ከመርከብ ላይ ሆነው ያነቡት ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ጸሐፊው «ተነቦላቸዋል» ብሎ ይመሰክራል። ከዚያ በኋላ ጦሩ ይገባል። ሕጉ ተፈጽሟል ማለት ነው!

ይህን ግፍ የተቃወሙ ስፔናውያንም ነበሩ። ባርቶሎሜ ዴ ላስ ካሳስ የተባለው ቄስ ያየውን ግፍ ጽፎ በ1552 አሳተመ። እኛም ዛሬ ብዙውን ነገር የምናውቀው እርሱን ከመሰሉ ጸሐፊዎች ነው። መልካሙ ሥራም ክፉውም ሥራ የሚቆየው ሲጻፍ ነውና።

የአሜሪካ ሕዝቦች ጽሕፈት አልነበራቸውም ብላችሁ እንዳታስቡ። ማያ የሚባሉት ሕዝቦች የራሳቸው ፊደልና መጽሐፍ ነበራቸው። የቀን መቁጠሪያቸውን፣ የከዋክብቱን መንገድና የሃይማኖታቸውን ሥርዓት ጽፈውበታል። በ1562 ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለ መነኩሴ ማኒ በተባለች ከተማ መጻሕፍታቸውን ሰብስቦ አቃጠለ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቁት የጥንት የማያ መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው። አያችሁ? መጀመሪያ የማይገባቸውን ወረቀት አነበቡባቸው፤ ቀጥሎ የሚገባቸውን መጽሐፍ አቃጠሉባቸው።

ስኳርና ባርነት

ኮሎምበስ በሁለተኛው ጉዞው ከጫነው ነገር አንዱ የሸንኮራ አገዳ ነው። አገዳው በደሴቶቹ ተስማማው። አገዳ ግን ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ይቆረጣል፣ ይጨመቃል፣ ሌሊትና ቀን ይነጠራል። የአገሩ ሰው አልቋል። ስለዚህ የአውሮፓ ነጋዴዎች ፊታቸውን ወደ አፍሪካ አዞሩ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በቆየው ንግድ 12 ሚሊዮን ተኩል ያህል አፍሪካውያን በመርከብ ተጫኑ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉት መንገድ ላይ ሞቱ።

ይህ ታሪክ ሩቅ ይመስላል። ሻሸመኔ ያላችሁ ግን ምስክሮቹን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ኮሎምበስ ጃማይካ የደረሰው በ1494 ነው። ከዚያ በኋላ ስፔኖች፣ ከ1655 ጀምሮም እንግሊዞች ደሴቲቱን ገዙ። ሸንኮራ አገዳውን ያለሙት ከአፍሪካ የተወሰዱ ባሮች ናቸው። የእነዚያ የልጅ ልጆች ከጊዜ በኋላ «አገራችን አፍሪካ ነው» አሉ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በየአገሩ ያሉ ጥቁር ሕዝቦች ለኢትዮጵያ ስለተቆረቆሩ፣ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ጃማይካ ሰፈር የተመሠረተው እንዲህ ነው። የሰፈሩን ሰዎች ስታዩ እንግዳ አትበሏቸው። ተወስዶ የተመለሰ ዘመድ በሏቸው።

ሸንኮራ አገዳም ዞሮ ዞሮ ወደ እኛ መጣ። ኤች.ቪ.ኤ. የሚባል የሆላንድ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ስኳር ያመርት ነበር። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ ሌላ አገር ፈለገ። በ1943 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ተወርሶ የመንግሥት ሆነ።

ነገርን በልክ መናገር ይገባል። ወንጂ የባሪያ እርሻ አልነበረም። ሠራተኛው ደመወዝ ይከፈለው ነበር፤ ብዙ ሰው ልጆቹን አሳድጎበታል። ነገር ግን መሬቱ ባዶ አልነበረም። የጅሌ ኦሮሞ ከብቱን የሚያሰማራበት፣ አዋሽ ወርዶ የሚያጠጣበት ነበር። በመተሐራም የከረዩ ኦሮሞ ግጦሹን አጥቷል። ውሉን የፈረመው ሌላ፣ መሬቱን የለቀቀው ሌላ። ወረቀቱ ሲጻፍ ከብት ጠባቂውን የጠየቀው አልነበረም።

በዚያን ጊዜ በእኛ አገር

አውሮፓውያን ወደ አሜሪካ በሄዱበት ዘመን ወደ እኛም መጥተዋል። እቴጌ እሌኒ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ልከው ነበር። የፖርቱጋል መልእክተኞች በሚያዝያ 1520 ምጽዋ ወረዱ፤ በኋላም ከዓፄ ልብነ ድንግል ጋር ተገናኙ። ልብ በሉ፤ በዚያው ዓመት ፈንጣጣ ሜክሲኮን ይፈጅ ነበር።

ታዲያ ለምን የእኛ ዕጣ እንደ እነርሱ አልሆነም? አገራችን በቀይ ባሕር ከዓለም ጋር ስትገናኝ የኖረች ናት። በሽታዎቹን ሰውነታችን ያውቃቸዋል። ብረትና ፈረስም ነበረን። ፖርቱጋሎችም ብራዚልን ከ1500 ጀምሮ እንደያዙ እኛን ለመያዝ አቅም አልነበራቸውም። መጥተው ሄዱ። በፖርቱጋልና በዓረብ ነጋዴዎች መርከብ የመጣው ዘር ግን ቀረ። በቆሎና በርበሬ በዚያ ዘመን እንደገቡ ይታመናል። ድንች ዘግይቶ፣ በ1858 ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት መጣ። ዛሬ በኢትዮጵያ ከሚመረተው እህል ሁሉ በኩንታል ብዛት አንደኛው በቆሎ ነው። ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ ያለው የመልካሳ የምርምር ማዕከልም ዝናብ ላጠረው መሬት የሚሆን የበቆሎና የቦሎቄ ዘር ያወጣል።

እኛም ሰጥተናል። ቡና ከእኛ ወደ የመን፣ ከየመን በነጋዴዎች እጅ ወደ እስያና አውሮፓ ዞሮ፣ በ1720ዎቹ ብራዚል ገባ። እዚያም ለረጅም ጊዜ የለቀመው ባሪያ ነው። ብራዚል ባርነትን የሻረችው በ1888 ነው።

አንቀጽ 17

ያልገባ ወረቀት ወደ እኛም መጥቶ ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ ከጣሊያን ጋር የውጫሌን ውል ፈረሙ። ውሉ በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጻፈ። በአማርኛው አንቀጽ 17፣ ንጉሡ ከሌሎች የአውሮፓ ነገሥታት ጋር ሲነጋገሩ ቢፈልጉ በጣሊያን በኩል መላላክ ይችላሉ ይላል። ጣሊያንኛው ግን በጣሊያን በኩል የመነጋገር ግዴታ አለባቸው የሚል ነበር። በአንዲት ቃል ልዩነት አገሪቱ በጣሊያን ጥበቃ ሥር ልትሆን ነው! ለአውሮፓም ይህንኑ አስታወቁ።

ኢትዮጵያውያን ግን አነበቡ። ሁለቱን ጽሑፍ አስተያዩ። ዓፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ «ይህ እኛ የፈረምነው አይደለም» አሉ። ውሉ ፈረሰ። ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተቋጨ። በዓድዋ ያሸነፈው ጎራዴና ጠመንጃ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ተንኮሉን አስቀድሞ የያዘው ግን ማንበብ የሚችል ዓይን ነው።

ምን እንማራለን?

ውድ አንባቢያን፤ የታይኖ ሰዎች ወረቀቱ ቢገባቸው ኖሮ ይድኑ ነበር ማለቴ አይደለም። ባሩድና ፈንጣጣ በንባብ አይመለሱም። ነገር ግን «ተነቦላቸዋል» ብሎ በስማቸው መመስከር ያን ያህል ቀላል ባልሆነም ነበር።

ዛሬም ወረቀት ወደ እናንተ ቤት ይመጣል። የመሬት ካርታ ይመጣል፤ የኪራይ ውል ይመጣል፤ የብድር ወረቀት ይመጣል። አንድ ሰው ጣቱን እያሳየ «እዚህ ጋ ፈርም» ይላል። ወይም አውራ ጣታችሁን በቀለም ነክሮ ያሳትማችኋል። እናንተ ግን አሁን ፊደል ታውቃላችሁ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ካለ «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በማታውቁት ቋንቋ ከተጻፈ የምታምኑት ሰው ይተርጉምላችሁ። ቁጥሩን ራሳችሁ ቁጠሩ። አስፈራሚው ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ። ማንበብ ነውር የለበትም፤ የሚያስነውረው ሳያነቡ መፈረም ነው።

ዛሬ ማታ በቆሎ ጠብሳችሁ ስትበሉ ይህንን ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። ፍሬውን ከዱር ሣር አንሥተው በብዙ ሺህ ዓመት ልፋት ለዚህ ያበቁት የአሜሪካ ገበሬዎች ናቸው። ስማቸው አልተጻፈም። ሥራቸው ግን በእጃችሁ ላይ ነው።

በሉ እንግዲህ፣ ደኅና ሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ካለው ምግብ ውስጥ የዘር አገሩ አሜሪካ የሆነው የትኛው ነው? አምስቱን ጻፉ።
2. የ1513ቱ ወረቀትና የውጫሌ ውል በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
3. የፈረንጆች ሚያዝያ 1520 በእኛ አቆጣጠር ስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ቀንሳችሁ አስሉ።
4. ሳታነቡት የፈረማችሁት ወረቀት አለ? ዛሬ አውጥታችሁ አንብቡት።